ከአባት መድረክ ወደ ራስ ስክሪን፦ የኃይሌ ገሪማ ጉዞ ለጅማ ልጆች ምን ይላል?

የሕንድ ፊልም ሲነሣ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በሰቃ ፈገግ የማይል ጎልማሳ ጥቂት ነው። ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን ያንጎራጎረ፣ ዋናው ተዋናይ በመጨረሻ እንደሚያሸንፍ እያወቀ መሃል ላይ ያለቀሰ ትውልድ ነው። ዛሬ ደግሞ የሕንዱ ተከታታይ ድራማ አማርኛ እየተናገረ ሳሎን ድረስ ገብቷል። አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ ቡና አፍልተው አብረው ይከታተሉታል።

ይህ ፍቅር የሚያስወቅስ አይደለም። ጥያቄ ግን ያስነሣል። ሕንድ ይህን ሁሉ ፊልም የሚሠሩላትን ሰዎች ከየት አገኘቻቸው? ኢትዮጵያስ ተመሳሳይ ልጅ ስትወልድ፣ ልጁ አድጎ ሥራውን የሠራው ለምን በሰው አገር ሆነ?

ከሕንዱ ታሪክ እንነሣ። ራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1924 ፔሻዋር ተወለደ። በ1935 «ኢንቂላብ» በተባለ ፊልም ላይ ሲታይ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ፕሪትቪራጅ ካፑር ታዋቂ ተዋናይ ሲሆን፣ በ1944 «ፕሪትቪ ቴአትር» የተባለ ተዘዋዋሪ ቡድን አቋቁሞ በሕንድ ከተሞች እየዞረ ድራማ ያሳይ ነበር። ልጅየውም በዚያ ቡድን ውስጥ ሠርቷል። በ1948 «አግ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ፊልሙን ሲያዘጋጅ 24 ዓመት አልሞላውም። የራሱን የፊልም ኩባንያ ያቋቋመውም በዚያው ጊዜ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው «አዋራ» ከሕንድ አልፎ በሶቪየት ኅብረት፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ተመልካች አገኘ።

ተዘዋዋሪ ቴአትር የሚመራ አባት፣ በልጅነቱ መድረክ የለመደ ልጅ፣ በመጨረሻም የራሱ ኩባንያ ያለው ዳይሬክተር። ይህ ታሪክ በኢትዮጵያም አለ። ከጎንደር ይጀምራል፣ ዋሽንግተን ይደርሳል፣ በመሃሉም ጅማን የሚነካ ክር አለው።

◾️ የአባ ገሪማ መድረክ

ኃይሌ ገሪማ የተወለዱት የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. በጎንደር ነው። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ፣ የታሪክና የድራማ ጸሐፊ ነበሩ። የጎንደር አርበኞች በጣሊያን ላይ ያደረጉትን ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» በተሰኘ መጽሐፍ ጽፈው በ1949 ዓ.ም. አሳትመዋል። ድራማም እየጻፉ ከቦታ ቦታ ይዘው ይዞሩ ነበር።

ልጃቸው ተመልካችን ያወቁት በዚያ ቡድን ውስጥ እየተወኑ ነው። ይህን ትምህርት ቤት አይሰጠውም። በተዘዋዋሪ ቴአትር ውስጥ ያደገ ልጅ የትኛው ቃል ሰውን እንደሚያስቅ፣ የትኛው ዝምታ እንደሚያስለቅስ፣ ሕዝቡ መቼ እንደሚሰለችና መቼ ተነሥቶ እንደሚያጨበጭብ ከሰው ፊት ያነባል። ድራማው የተጻፈው እዚያው ነው፤ የሚተወኑትም ያው የአገሩ ሰዎች ናቸው። ተመልካቹ የሚያየው የራሱን አባት ጦርነት፣ የራሱን መንደር ሐዘን ነው።

በጎንደር ግን ሌላም መድረክ ነበር። እሱም ሲኒማ ቤት ነው።

◾️ ታርዛንን ለማዳን የጮኹ ልጆች

አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ መጀመሪያ ሲመጣ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ሲኒማ በትልልቅ የክፍለ ሀገር ከተሞችም የተለመደ መዝናኛ ሆነ። የሚታየው ፊልም የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የሕንድ ነበር።

ኃይሌ ገሪማ ስለዚያ ዘመን በተለያዩ ቃለ መጠይቆች የተናገሩት ነገር አለ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው የካውቦይ ፊልም አይተው ሲወጡ በጎንደር ተራሮች ላይ ጨዋታውን ይደግሙት ነበር። ሁሉም ካውቦይ መሆን ይፈልጋል፤ የአገሩን ባለቤት ቀይ ሕንዳዊውን መሆን የሚፈልግ አልነበረም። ታርዛን ሲታይ ደግሞ ጥቁሮቹ አፍሪካውያን ከኋላው ሲመጡበት የጎንደር ልጆች «መጡብህ!» እያሉ ነጩን ታርዛን ለማስጠንቀቅ ይጮሁ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። ልጆቹ የአርበኛ ልጆች ናቸው። የአባቶቻቸውን ጀግንነት በመድረክ ሲያዩ አድገዋል። ሲኒማ ቤት ሲገቡ ግን ራሳቸውን በሚመስለው ሰው ላይ ይጮሃሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ታሪኩ የተተረከው ከታርዛን ዓይን ስለሆነ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ሌላ ዓይን አልነበረውም። የኃይሌ ገሪማን የኋላ ሥራ ሁሉ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ካሜራውን የያዘው ሰው ማን ለማን እንደሚያዝን ይወስናል።

◾️ ቺካጎ፣ ከዚያም ሎስ አንጀለስ

ወጣቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዱ። የሄዱት ተዋናይ ለመሆን ነው፤ በቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። በምዕራባውያን ድራማ ውስጥ ለጥቁር ተዋናይ የሚተርፈው ግን የአገልጋይ ዓይነት ሚና ነበር። በአባታቸው መድረክ አርበኛ ሲተወን ያየ ሰው በቺካጎ ትሪ ተሸካሚ መሆን አይዋጥለትም።

በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ማጥናት ጀመሩ። እዚያ የጠበቃቸው ትውልድ ኋላ ላይ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የሚል ስም ተሰጠው። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪ፣ ላሪ ክላርክ የዚህ ስብስብ ሰዎች ናቸው። ሆሊውድ በአጠገባቸው ሆኖ በሩን የዘጋባቸው ወጣቶች፣ በትምህርት ቤቱ ካሜራ፣ አንዱ የሌላውን ፊልም እየቀረጸ፣ አንዱ ለሌላው እየተወነ የራሳቸውን ሲኒማ ሠሩ። የላቲን አሜሪካን ፊልሞች አዩ። ድሃ አገርም በትንሽ ገንዘብ፣ በራሱ ሰዎች፣ በራሱ ሥርዓት መተረክ እንደሚችል ከእነሱ ተማሩ።

ኃይሌ ገሪማ በዚያ ዘመን ከሠሯቸው ሥራዎች «ቡሽ ማማ» ዋናው ነው። በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር በማኅበራዊ ዕርዳታ የምትኖር ጥቁር እናት ታሪክ ነው። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊስ የፊልሙን ሠራተኞች አስቁሞ ሲፈትሽ ይታያል። ያ ትዕይንት ትወና አይደለም፤ በቀረጻ ወቅት በእውነት የደረሰ ነው። እሳቸውም ፊልሙ ውስጥ አስገቡት።

◾️ ክረምት 1966

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እየተናጠች ነበር። ጅማ ከዚያ ነውጥ ዳር አልቆመችም። የጅማ ሕዝብ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ላይ ተነሥቶ ከሥልጣን እንዲወገዱ ጠየቀ። ተማሪው፣ መምህሩና የከተማው ነዋሪ አብሮ ወጣ። በገጠሩ ደግሞ ጥያቄው መሬት ነበር። በከፋ ጠቅላይ ግዛት ከግማሽ በላይ የሆነው አራሽ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ቡና የሚለቅመው እጅና ቡናውን የሚሸጠው እጅ የተለያዩ ነበሩ።

ኃይሌ ገሪማ ካሜራ ይዘው ወደ አገራቸው የመጡት በዚያው ክረምት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ደርግ ሙሉ በሙሉ ሥር ሳይሰድ፣ በመሃሉ በተከፈተችው ጠባብ በር ገብተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። ተዋናዮቹ በአብዛኛው የፊልም ልምድ የሌላቸው ሰዎች፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ታሪኩም የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የአንድ ባለርስት ነው።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። አይቸኩልም። በሬ ሲጠመድ፣ እናት ውሃ ስትቀዳ፣ ባለርስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲቆጣ፣ ካሜራው ከገበሬው ቀን እኩል ይራመዳል። ከብት የምትጠብቀው ልጅ ጎርፍ ይወስዳታል። ከበበ የተባለው፣ ሰው እንደ ዕብድ የሚያየው የቀድሞ ዘማች፣ ሌላው በልቡ የሚይዘውን እውነት በአደባባይ ይጮሃል፤ በመጨረሻም ባለርስቱን በዱላ ይገድላል።

ይህን ፊልም ያኔ አጋሮ ወይም ጌራ ያለ ጭሰኛ ቢያየው ኖሮ አስተርጓሚ እንኳ ቢያስፈልገው ታሪኩን ለመረዳት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም ነበር። ባለርስቱን በስም ይጠራው ነበር። ፊልሙ ተጠናቆ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ ግን ያየው የሎካርኖ ፌስቲቫል ተመልካች ነው። እዚያም ተሸለመ። በመሃሉ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት በሕግ ፈረሰ። ቀኑ ዳይሬክተሩ 29ኛ ዓመታቸውን የያዙበት ቀን መሆኑ አጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ያልሆነው፣ ስለ ጭሰኛ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ፊልም ጭሰኛው ሳያየው ዓለምን መዞሩ ነው።

◾️ በር ሲዘጋ ቤቱን መከራየት

ኃይሌ ገሪማ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተማሩ። ለአሥርት ዓመታት በዚያው ቆይተዋል። ደመወዙ ኑሮን ይደጉማል፤ ፊልም ግን አይሠራም። እያንዳንዱ ፊልም ገንዘብ የማሰባሰብ ረጅም ትግል ነበር። የኩባንያቸውን ስም «ነጎድጓድ» አሉት።

ትልቁ ፈተና «ሳንኮፋ» ነው። ቃሉ የጋና አካን ሕዝብ ሲሆን፣ ወደኋላ ተመልሶ የረሱትን ማንሣት ማለት ነው። በጋና ኬፕ ኮስት በሚገኘው፣ አፍሪካውያን በባርነት ተጭነው በሚሄዱበት ምሽግ ውስጥ ፎቶ ለመነሣት የመጣች ዘመናዊት ሴት በመንፈስ ወደ ባርነት ዘመን ትወሰዳለች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ስለ ባርነት፣ ያውም ባሪያው ራሱ ሲያምፅ የሚያሳይ ፊልም ገበያ የለውም ተባለ።

ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና፣ እሷም ፊልም ሠሪ ናት፣ ያደረጉት ነገር የአባ ገሪማ ልጅ የሚያደርገው ነው። ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራዩ። በዋሽንግተን ጀመሩ፤ በየከተማው ያሉ የጥቁር ማኅበራትን፣ አብያተ ክርስቲያናትንና የሰፈር አስተባባሪዎችን አገኙ። ትኬቱን ሰው ለሰው ሸጡ። አዳራሹ ለሳምንታት ሞላ። የአንዱ ከተማ ገቢ ለሚቀጥለው ከተማ ኪራይ ሆነ። አከፋፋይ ኩባንያዎቹ «ተመልካች የለውም» ያሉት ፊልም ተመልካቹን ቤቱ ድረስ ሄዶ አገኘው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር፣ ካፌም ያለው፣ ስሙ ሳንኮፋ ነው።

ይህን ሥራ ብዙ ሰው «ግትርነት» ይለዋል። ስሌቱ ሲታይ ግን ቀላል ነው። ፊልሙን ለሌላ ሰው የሸጠ ዳይሬክተር አንድ ጊዜ ገንዘብ ያገኛል፤ ፊልሙን በእጁ ያስቀረ ዳይሬክተር ግን ከ28 ዓመት በኋላም ይሸጠዋል። በእርግጥም «ሳንኮፋ» ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። ያኔ ያመጣችው ዳይሬክተሯ አቫ ዱቨርኔይ የመሠረተችው «አሬይ» ነው። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የተከፈተው የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ለኃይሌ ገሪማ ክብር ሰጠ። ሆሊውድ በሩን ሲከፍት እሳቸው 75 ዓመታቸው ነበር።

◾️ «ጤዛ» እና የዘገየው መመለስ

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ጤዛ» የዚያ ሁሉ ዓመት ድምር ነው። አንበርብር የተባለ ምሁር ጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን አገሩ ይመለሳል፤ ያሰበው አብዮት ጓደኞቹን ሲበላ ያያል፤ እንደገና ወደ ጀርመን ተልኮ በዘረኞች እጅ እግሩን ያጣል፤ በመጨረሻም ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ እናቱ ቤት ይገባል። ፊልሙን ካዘጋጁት አንዷ የኃይሌ እኅት ሰሎሜ ገሪማ ናቸው። ሙዚቃውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ አሜሪካዊው ቪጃይ አየር ናቸው። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወሰደ።

«ጤዛ» አዲስ አበባም ታይቷል። ወደ ጅማ፣ ወደ ቦንጋ፣ ወደ በደሌ ሲወርድ ግን ፊልሙ ከፊልምነት ይልቅ በፍላሽ የሚዞር ፋይል ይሆናል። ለዚህ ተጠያቂው አንድ ሰው አይደለም። የመንገዱ ጉድለት ነው።

◾️ ሁለቱ ልጆች ለምን ተለያዩ?

ራጅ ካፑርና ኃይሌ ገሪማ የተነሡበት ቦታ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የደረሱበት ግን ይለያያል። ልዩነቱን በተሰጥኦ ማስረዳት አይቻልም።

ካፑር 23 ዓመቱ ላይ ፊልም ሲሠራ ቦምቤይ ውስጥ ስቱዲዮ፣ የካሜራ ባለሙያ፣ የዘፈን ደራሲ፣ የፊልም ነጋዴ፣ ከሁሉም በላይ ሳምንት በሳምንት ትኬት የሚቆርጥ ተመልካች ነበር። ተመልካቹ የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ፊልም ይሆናል። ካፑር ስቱዲዮውን የሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። ይህ ማለት ሁሉ ነገር ዘላለማዊ ሆነ ማለት አይደለም፤ ስቱዲዮው እ.ኤ.አ. በ2017 ተቃጥሎ፣ ኋላ ለቤት ገንቢ ኩባንያ ተሸጧል። የተተከለው የፊልም ገበያ ግን ከአንድ ስቱዲዮ በላይ ነው። ዛሬ ለጅማ ቤተሰብ የሚደርሰው የሕንድ ድራማ ሳይቀር የዚያ ገበያ ፍሬ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የታየው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ «ጉማ» መጣ። ከዚያ አብዮት ሆነ፤ ሲኒማ ቤቶች ተወረሱ። መንግሥት የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ እሱም ኋላ ፈረሰ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው ወጣት ፊልም ሠሪዎች በቪዲዮ ካሜራ ቀርጸው ራሳቸው ወደ ተመልካች መድረስ የጀመሩት። ቴዎድሮስ ተሾመ በ«ቀዝቃዛ ወላፈን» ተመልካች አሰልፎ፣ ኋላ ሴባስቶፖል የተባለ የራሱን ሲኒማ ቤት መክፈቱ ያለምክንያት አይደለም። እሱም የደረሰበት መደምደሚያ ተመሳሳይ ነው፤ ስክሪን የሌለው ፊልም ሠሪ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። የኃይሌ ገሪማ መንገድ ክብር አለው፤ ዋጋም አለው። ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እስከ «ጤዛ» 32 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ሌሎች ፊልሞችን ሠርተዋል፤ ኢትዮጵያ ላይ ያተኮረ ታላቅ ልብ ወለድ ፊልም ግን ተመልካቹ ከሦስት አሥርት ዓመት በላይ ጠብቋል። በራስ ገንዘብ፣ በራስ ስክሪን፣ በራስ ቃል መሥራት ነፃነት ነው። ገበያ የሌለው ነፃነት ግን ዕድሜ ይበላል። ገበያ ኖሮት ነፃነት የሌለው ደግሞ ታርዛንን ያመርታል። ሁለቱን ያጣመረ አገር ነው ልጆቹን አገር ቤት የሚያስቀር።

◾️ ጅማ ከዚህ ምን ታተርፋለች?

የቡና አገር ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቡናው ቀይ ሆኖ ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ አልጋ ላይ ይደርቃል፣ በጆንያ ይወጣል። የዓለም ዋጋው የሚነገረው ግን ከኒው ዮርክ ነው። ታሪክም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ኢትዮጵያ ቡና ገበሬ ዓለምን ያነጋገረ «ጥቁር ወርቅ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ወጣ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ታደሰ መስቀላ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞሩ ያሳያል። ጥሩ ፊልም ነው፤ ጠቅሟልም። የሠሩት ግን ከእንግሊዝ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የቡናውን ታሪክ እንኳ ጥሬውን ሰጥተን ተቆልቶ ሲመጣ ተቀበልነው።

ሌላም ምሳሌ በቅርብ አለ። ኃይሌ ገሪማ ለብዙ ዓመታት ሲደክሙበት የቆዩት ሥራ ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ አርበኞች ነው፤ ስሙም ጥቁር አንበሶችን ይጠራል። የጥቁር አንበሳ ተዋጊዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ከራስ እምሩ ጋር ተሰልፈው ነበር። የዚያ ዘመቻ መጨረሻ የት ነው? ጎጀብ ወንዝ ዳር ነው። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጠላት ተከበው እጃቸውን የሰጡት እዚያ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ሁሉ ድልድዩን ይሻገራል። ስንቱ ወጣት ያውቀዋል? በዚያ ድልድይ ላይ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ የሚቀርጽ ብዙ ነው፤ ከወንዙ ታሪክ አንድ ደቂቃ የሚቀርጽ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ተሰጥኦ አልጠፋም። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያና ድራማ ክበብ አለ። የወላጆች ቀን ሲሆን አዳራሽ የሚያስቅ የአሥር ዓመት ልጅ በየወረዳው አለ። በአገር ደረጃም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ላምብ» የተሰኘው የያሬድ ዘለቀ ፊልም ወደ ካን ፌስቲቫል ሲሄድ ዋናውን ሚና የተሸከመው ሕፃን ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»ም የቆመው በታዳጊ ልጅ ትወና ላይ ነው። የሚጎድለው፣ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚሄድበት መንገድ ነው። ዛሬ የጅማ ልጅ በድራማ ክበብ ሲያበራ፣ «ጎበዝ» ተብሎ ይጨበጨብለትና በ12ኛ ክፍል ነገሩ ያበቃል።

መንገዱን ለመጀመር የአባ ገሪማ ዘመን ያልነበረው ነገር አሁን አለ። የወረዳ አዳራሾች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ለስብሰባ ብቻ የሚከፈቱ። ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ በየሠርጉ ይከራያል። ቡና በሚሸጥበት ወቅት በእጁ ገንዘብ ያለው ተመልካች አለ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሊሙ ገነት ወይም አጋሮ አዳራሽ ላይ በሕጋዊ ፈቃድ፣ ለባለመብቱ ተገቢው ተከፍሎ፣ በአፋን ኦሮሞ ትርጉም ከታች ተጽፎ ማሳየት የማይቻል ሥራ አይደለም። ትርጉሙ የግድ ነው። በጎንደር አማርኛ የተሠራው የጭሰኛ ታሪክ የጅማ ጭሰኛም ታሪክ ነው፤ አባወራው በገዛ ቋንቋው ሊሰማው ይገባል። የሕንዱን ድራማ ለመተርጎም ኩባንያ ከተገኘ፣ የአገር ልጅን ፊልም ከአንዱ የአገር ቋንቋ ወደ ሌላው ለመመለስ ምን ያቅታል?

ከማሳየት ቀጥሎ መሥራት ይመጣል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚሠሩ ወጣቶች በጅማ አሉ። ሥራቸውን በዩቲዩብ ይጭናሉ፤ ጥቂት ሳንቲም ይጠብቃሉ። የሳንኮፋ ትምህርት ለእነሱ ነው። መጀመሪያ ሥራህን በራስህ ስም አስመዝግብ፣ ውል ሳታነብ አትሸጥ። ከዚያ አንድ ከተማ ያዝ፣ አዳራሽ ተከራይ፣ ትኬት ሽጥ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ከተማ ሂድ። ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ፣ መቱ። ወይም በሌላው አቅጣጫ ሸቤ፣ ቦንጋ፣ ሚዛን። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ቡናው የሚወጣበት መንገድ ነው።

በኃይሌ ገሪማ ቤት ነገሩ ሦስተኛ ትውልድ ደርሷል። ልጃቸው መራዊ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሬዚዱ» የተሰኘ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን አወጣ፤ ባደገበት የዋሽንግተን ሰፈር ነባሮቹ ጥቁሮች ከቤታቸው እየተገፉ መውጣታቸውን ይተርካል። አያት ስለ ጎንደር ጻፉ፣ አባት ስለ ጭሰኛና ስለ ስደተኛ ቀረጹ፣ የልጅ ልጅ ስለ ዋሽንግተን ሠራ። የሦስቱም ትምህርት ቤት አንድ ነው፤ የሰፈርህን ሰው ታሪክ የሰፈርህ ሰው ባለበት ተናገር።

ያ ትምህርት ቤት ከጎንደር ተነሥቶ ዋሽንግተን የደረሰው አገር ቤት ማደሪያ ስላጣ ነው። የሚቀጥለው ልጅ አሁን ሰርቦ ወይም ጌራ ውስጥ በአንድ የትምህርት ቤት ድራማ ላይ ሽማግሌ ሆኖ እየተወነ፣ በጥጥ ጢሙ ሰውን እያሳቀ ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተር ለመሆን ውቅያኖስ መሻገር ይኖርበት እንደሆነ የሚወስነው የእሱ ችሎታ አይደለም። በቡና ከተሞቹ ውስጥ የአገር ልጅ ሥራ የሚታይበት አዳራሽና ለዚያ ትኬት የሚቆርጥ ሰው መኖሩ ነው።